ደረጃ የማያውቀው ዲግሪ

ባለሥልጣኖቻችን ስለ «ኤክስፖርት» ሲያወሩ አፋቸው ማር ነው። ቡናው፣ ሰሊጡ፣ አበባው... ዶላር ጎረፈ ይሉናል። ይጉረፍ፤ ማን ይጠላል! የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያን ቡና ተደራድሮ የሚሸጠው፣ ውሉን የሚያዘጋጀው ልጅ፣ ንግድ ሥራ ተምሮ ሲመረቅ አንዲት የደረጃ ሰነድ አንብቦ ያውቃል ወይ?

ነገሩን ከጃፓን እንጀምረው። ጃፓን ከጀርመንና ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ከቡናችን ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ነበረች። በ1998 ዓ.ም. የምግብ ሕጓን አጠበቀች። የራሱ ወሰን ያልተቀመጠለት ፀረ ተባይ ሁሉ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ0.01 ሚሊ ግራም አይለፍ አለች። ሕጉ በድብቅ የወጣ አይደለም። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ቡናችን ውስጥ ከወሰን ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘና ሽያጩ አሽቆለቆለ። አብዛኛው ገበሬያችን እኮ ለመድኃኒት መግዣ እንኳ ገንዘብ የለውም! ጥርጣሬው ካረፈባቸው ነገሮች አንዱ ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነበር። አዎ፣ ጆንያ! ከዚያማ ስብሰባው፣ ዎርክሾፑ... ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ይሄ የኬሚስት ሥራ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ኬሚስቱ ልኩን ይነግርሃል። ጆንያው ከየት ይገዛ፣ ቡናው ከምን ጋር ተጭኖ ይሂድ፣ ዕቃው ቢመለስ ኪሳራው በማን ይውደቅ የሚለውን የሚወስነው ግን ሥራ አስኪያጁ ነው። እሱን ደግሞ የሚያፈራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ነው።

መንግሥት በበኩሉ ታፔላ መቀያየር ይወዳል። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የደረጃዎች መሥሪያ ቤት በ1990 ዓ.ም. «የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን» ተባለ። በ2003 ዓ.ም. ለአራት ተከፈለ፤ ደረጃ አውጪው፣ ሥነ ልኩ፣ መርማሪው፣ ዕውቅና ሰጪው ለየብቻ ሆኑ። መለየታቸው ደግ ነው፤ ደረጃ የሚያወጣውና የሚመረምረው አንድ ከሆነ ከሳሹም ዳኛውም አንድ ነውና። ኋላም «ኤጀንሲ» የነበረው «ኢንስቲትዩት» ሆነ። ታፔላ ጻፊው ተጠቀመ። ግን እነዚህ አራት መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡትን ወረቀት የሚያነብ ሰው ማን ያፍራ?

በማኔጅመንት ትምህርት ስለ ጥራት አንድ ምዕራፍ ትኖራለች፤ አይ.ኤስ.ኦ 9000 ትጠቀስና ለፈተና ትሸመደዳለች። በቃ። መርካቶ ያለ ቆርቆሮ ሻጭ በጣቱ ዳብሶ 32 ጌጁን ከ35ቱ ይለያል። ዲግሪ የያዘው የግዥ ኃላፊ ግን ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን አምኖ ይፈርማል። የጨረታ ሰነዱም «ጥራቱ የተጠበቀ» ይላል። በማን ልክ የተጠበቀ? የደረጃው ቁጥር ካልተጻፈበት ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ተጠያቂ የለም። ገንዘቡ የእኔና የእናንተ ግብር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ያኔ ታይፕና የሂሳብ አያያዝ ለብዙው ሥራ ይበቃ ነበር። አሁን የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባጸደቀው ሕግ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና አይገባም፤ የማሳው ቦታም በካርታ ነጥብ ይታይ ብሏል። ተግባራዊ የሚሆንበትን ቀን ደጋግሞ አራዘመው እንጂ አልሰረዘውም። ይህን ለጅማና ለሲዳማ አቅራቢ ማን ያስረዳው? ካድሬው?

«ካሪኩለሙ ሞልቷል፣ ጊዜ የለም» እንዳትሉን አደራ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ኢሕአዴግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስቦ ስለ ፖሊሲው ሲያሠለጥን ጊዜም አዳራሽም አልጠፋም! ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ኮርስ ነው፤ ያውም ለማኔጅመንት፣ ለአካውንቲንግና ለማርኬቲንግ ተማሪ ሁሉ ግዴታ የሆነ። የሽምደዳ ኮርስ ግን አይሁን። ለተማሪው የጃፓንን ወሰንና አንድ ጆንያ ስጡት፤ የግዥ ዝርዝሩን፣ የማጓጓዣ ውሉን፣ የካሳውን አንቀጽ ራሱ ይጻፍ። አስተማሪ ከጠፋም ከደረጃዎች መሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለሉትን ጥሩ፤ ቤታቸው ቁጭ ብለዋል።