ፎቶግራፍ የሚያርመው ፕሮግራም እምቢ ባለ ጊዜ

አባቶቻችን ለልጆቻቸው ርስትና ጋሻ፥ ጦርና ዳዊት ያወርሱ ነበር። በኋላ ዘመን ከዚህ ሁሉ ጋር ፎቶግራፍ ተጨመረ። ፎቶግራፍ የሞተውን ሰው መልክ ለልጅ ልጅ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ከቤት ዕቃ ሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ሊጠበቅ ይገባዋል። ዳሩ ግን ዛሬ ብዙው ፎቶግራፍ የሚኖረው በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር ውስጥ ነውና፥ መሣሪያው እምቢ ያለ ጊዜ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ በድንጋጤውም ያልጠፋውን ያጠፋል። ስለዚህ ነገር በዓለም ከተማ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ አንዲት ጎረቤታችን፥ የባላቸው የአርባ ቀን ተዝካር ሲቃረብ፥ ከሟቹ የቀረላቸውን ብቸኛ ጉርድ ፎቶግራፍ ወደ ፎቶ ቤት ወሰዱ። ፎቶግራፉ በአሮጌ የመታወቂያ ደብተር ላይ የተለጠፈ፥ በፊቱም ላይ የእጥፋት መሥመር ያለበት ነበር። ወጣቱ ፎቶ አንሺ በኮምፒዩተር ገልብጦ፥ መሥመሩን አጥፍቶ በትልቁ ሊያትምላቸው ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ከደብተሩ ሊያላቅቀው ቢሞክር፥ ወረቀቱ ደርቆ ነበርና በእጁ ላይ ተሰባበረ። ስለዚህ የሟቹ ሙሉ መልክ የቀረው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ ሆነ።

በማግሥቱ መብራት በድንገት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ፥ የሚያርምበት ፕሮግራም አልነሣም አለ። መስኮቱ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። እኛ ለራሳችን ጉዳይ ጉርድ ፎቶግራፍ ለመነሣት ሄደን ነበርና ነገሩን አየን። አንድ ባልንጀራው፥ «ሁሉን ደምስሰህ ኮምፒዩተሩን እንደ አዲስ ጫነው» እያለ ይመክረዋል። ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ለዐዋቂ እንዳያሳይ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለ፤ ለተዝካሩም የቀረው ሦስት ቀን ነው። ወጣቱ ወደ እኛ ዞሮ፥ «ጋሼ፥ ምን ይሻለኛል? እማማን ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለን።

እኛም፥ «ልጄ፥ ምንም እንዳትደመስስ» አልነው። ይህን ያልነው ከዕውቀታችን ብዛት ሳይሆን ከጸጸታችን የተነሣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመን፥ ተቻኩለን ሁሉን ደመሰስን። ፕሮግራሙ ዳነ፤ የመጀመሪያ ልጃችን የክርስትና ፎቶግራፍ ግን ጠፋ። እናቱ ይህን ስታነሣብን እስከ ዛሬ መልስ የለንም።

ከዚያ የተማርነው ፕሮግራሙና ፎቶግራፉ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ነው። ጸሐፊ ብዕሩ ቢሰበር ብራናውን አይቀድም። ስለዚህ አስቀድመን የሟቹ ፎቶግራፍ ሥዕል ለማየት ብቻ በተሠራው በሌላው ተራ ፕሮግራም እንዲከፈት አደረግን፤ ያለ አንዳች ጉድለት ታየ። ወዲያው አንዱን ግልባጭ በፍላሽ፥ ሁለተኛውን ከኮምፒዩተሩ ውጭ ባለ ዲስክ አኖርነው። ያን ጊዜ የወጣቱ ትንፋሽ ተመለሰለት።

ቀጥሎ ወደ ምርመራው ሄድን። የእኛ ሥራ በፍርድ ቤት ቃል መጻፍ ነውና፥ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ እናውቃለን። ኮምፒዩተርም የራሱ ቃል አለው፤ ይኸውም ለቅጽበት ብቅ ብሎ የሚጠፋው ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው ሳያነበው ይዘጋዋል። ወጣቱ ጽሑፉን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢያነበው፥ ለሥራ የሚሆን ባዶ ስፍራ በዲስኩ ላይ አልተገኘም የሚል ሆነ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ፎቶግራፉን ሲያርሙ ከዲስኩ ላይ ጊዜያዊ የሥራ ስፍራ ይፈልጋሉ፤ የእርሱ ዲስክ ግን በሠርግ ቪዲዮ ተሞልቶ ነበር። ቪዲዮዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሮ እንደገና ቢሞክር፥ ጽሑፉ ቀረ፤ ፕሮግራሙ ግን አሁንም አልተነሣም። ሁለተኛ ምክንያት እንዳለ በዚህ ዐወቅን። መብራቱ የጠፋው ፕሮግራሙ የባለቤቱን ምርጫ የሚመዘግብበትን ፋይል ሲጽፍ ሳለ ኖሮ፥ ፋይሉ ተበላሽቷል። ያ ፋይል ተወግዶ ፕሮግራሙ አዲስ እንዲጽፍ ቢደረግ፥ ወዲያው ተከፈተ።

አንባቢዎቻችን ይህን የመሰለ ችግር ሲደርስባቸው እንዲጠቅማቸው ነገሩን በተራ እንጽፋለን። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉት ወንድማማቾች የጀመሩት፥ በ1982 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው ፎቶሾፕ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ስለ ሆነ በእርሱ እንመስላለን። ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ ከሆነ፥ ፕሮግራሙ መነሣት ሲጀምር ኮንትሮል፥ አልትና ሺፍት የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ተጭኖ መያዝ የምርጫውን ፋይል ለማስወገድ ያስችላል፤ ባለቤቱ ያስተካከለው ምርጫ ይጠፋል እንጂ ፎቶግራፎቹ አይነኩም። ሺፍትን ብቻ መያዝ ከውጭ የተጨመሩትን ተቀጥላ ፕሮግራሞች ትቶ እንዲነሣ ያደርጋል። ኮንትሮልና አልትን መያዝ ደግሞ የሥራውን ስፍራ ወደ ሌላ ዲስክ ለማዛወር ነው። ይህ ሁሉ ካልረዳ፥ የኮምፒዩተሩን የሥዕል ክፍል የሚያሠራው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም አርጅቶ እንደ ሆነ ማደስ ይገባል። ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መጫን የመጨረሻው ነው።

በአገራችን በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር የቀን አቆጣጠር ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትደክም ቀኑ ይሳሳታል። አስተካካዩም በፈረንጅ አቆጣጠር ፈንታ የእኛን ዓመተ ምሕረት ቢጽፍበት፥ ኮምፒዩተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፈቃዱን በኢንተርኔት የሚያስመረምር ፕሮግራምም በዚህ ምክንያት ሊከለከል ይችላል። ደግሞ ከማይታወቅ እጅ የተገኘ የተሰረቀ ግልባጭ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባልና፥ ገንዘብ ያነሰው ሰው ጊምፕ በተባለው ቢሠራ ይሻለዋል። ይህ ፕሮግራም በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች የተገለጸ፥ ለማንም ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን የፊደል ዓይነቶችን ሲቈጥር ሊዘገይ ስለሚችል፥ ሞተ ብሎ ከመፍረድ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል።

በዚህ ሁሉ የሚጠበቅ አንድ ሥርዓት አለ፤ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፥ የተለወጠውንም በወረቀት መጻፍ ነው። ሁለት መድኃኒት ባንድ ላይ የሰጠ ሰው የትኛው እንዳዳነ አያውቅም።

በተዝካሩ ቀን ፎቶግራፉ በጠርዝ ገብቶ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እመቤቲቱ በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን ጠርገው፥ «ያች መሥመር የት ሄደች?» ብለው ጠየቁን፤ ወጣቱ እንዳጠፋት ነገርናቸው። ሁለቱ ግልባጮች ዛሬም በሁለት ቤት ተቀምጠዋል፤ አንዱ በእርሳቸው ሣጥን፥ ሁለተኛው በልጃቸው ዘንድ። አንባቢዎቻችንም ፕሮግራሙ እምቢ እስኪል ሳይጠብቁ፥ መብራት ባለበት በዛሬው ምሽት እንዲሁ ቢያደርጉ፥ እኛን ያገኘን ጸጸት አያገኛቸውም።