ከክፍል ወደ ክፍል መዛወር ብቻውን እድገት አይደለም

ልጅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር ወላጅ ይደሰታል። ደስታው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ሊያነሳው የሚገባ መሠረታዊ ጥያቄ አለ። ልጁ በእርግጥ ምን ማንበብ፣ ምን መጻፍ፣ ምን ማስላት ቻለ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን የትምህርቱ አካል አደረገ። በአፈጻጸሙም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት በፈተና ወድቀው ከመድገም ይልቅ፣ መምህሩ ድክመታቸውን በየጊዜው እየለየ እያረመ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያዛውራቸው ታሰበ። ዓላማው ትክክል ነበር። በጨቅላ ዕድሜው ክፍል የሚደግም የድሃ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ወደ እረኝነት ለመመለስ ቅርብ ነውና።

ይህ አሠራር ግን የቆመው በሁለት እግሮች ነው፤ በመመዘንና በማዛወር። ማዛወሩ በስፋት ተሠራበት። መመዘኑ ግን ተማሪ በተጨናነቀበትና መጽሐፍ ባነሰበት ክፍል ውስጥ፣ በብዙ ስፍራ የውጤት መዝገብ ከመሙላት አላለፈም። ቅርጹ ተጠበቀ፤ ይዘቱ ተጓደለ።

የዚህ መዘዝ በተጨባጭ ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። በ2003 ዓ.ም. ግድም አንደኛ ክፍል ከገቡት ሕፃናት መካከል እስከ መጨረሻው የዘለቁት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ሲወስዱ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው። ሆኖም በ2ኛ ክፍል ያልታረመ ጉድለት በ12ኛ ክፍል ሊሸፈን እንደማይችል ማንም አይስተውም።

ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአኖና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ መደፍረስ ምክንያት በወለጋ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ወራትን ከትምህርት ገበታ ርቆ የቆየ ልጅ ምን እንደጎደለው ሳይመረመር ወደሚቀጥለው ክፍል ቢገፋ፣ የተዛወረው ስሙ እንጂ ዕውቀቱ አይደለም።

ወለጋ ለንባብ ባዳ አይደለችም። አስቴር ጋኖና ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1894 የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ አሳትመው፣ ኋላም ነቀምቴ ላይ አስተምረዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ጎልማሳው የምስክር ወረቀት የሚቀበለው ተፈትኖ፣ ማንበብና መጻፉን አሳይቶ ነበር። ከአባትና ከእናት የተጠየቀው ለልጅ ሲሆን የሚታለፍበት ምክንያት የለም።

ስለሆነም እንላለን፤ ምዘና ልጅን ለመኮነን ሳይሆን ማስተማሩን ለመፈተሽ ይዋል። መምህሩ እያንዳንዱን ሕፃን ለብቻው የሚያስነብብበት ጊዜ ይሰጠው። ወደኋላ የቀሩት የማካካሻ ትምህርት ያግኙ። ኃላፊነቱን ሁሉ በመምህሩ ጫንቃ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም፤ መጻሕፍት ማቅረብና ክፍል ማስፋት የአስተዳደሩ ግዴታ ነው።

የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞችም ድርሻ አላችሁ። በወላጆችና መምህራን ስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ አትነጋገሩ። ከየክፍሉ ስንት ልጆች አንብበው እንደሚረዱ፣ ላልቻሉትም ምን እንደተደረገ ጠይቁ። ማታ ከሥራ ስትመለሱ ልጃችሁን አንድ ገጽ አስነብቡ። ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ ያነበበውን በራሱ አንደበት እንዲተርክላችሁ አድርጉ። ልጁ ሲያመነታ ያን ጊዜ ትሰማላችሁ፤ ጉድለቱ ገና በለጋነቱ የሚታረመውም ያን ጊዜ ነው።