ቬንትሌተሩ ካልዞረ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ልጆች ጭነን አዲስ አበባ የምንመላለስ ወላጆች አንድ ምልክት እንወቅ። መኪናው ሲሄድ ደህና ሆኖ፣ መንገድ ተዘጋግቶ ስንቆም የሙቀቱ መርፌ ከወጣ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቬንትሌተሩን ነው። ስንሄድ ራዲያተሩን ነፋሱም ያቀዘቅዘዋል፤ ስንቆም ያለው ቬንትሌተሩ ብቻ ነው።

«ተቃጥሏል፣ አዲስ ይገዛ» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። እኔም እንዲሁ ተብዬ፣ የተበላሸው ሪሌው ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። አስቀድሞ ፊውዙ፣ ሪሌውና ሶኬቱ ይታዩ። ከዚያ ባለሙያው ከባትሪ 12 ቮልት በቀጥታ ለቬንትሌተሩ ይስጠው። ከዞረ እሱ ደህና ነው፤ ችግሩ ሽቦው ወይም የሙቀት ሴንሰሩ ጋ ይፈለግ። ካልዞረ ይቀየር። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ግን በሽቦ አትተኩት፤ እሳት ያስነሳል።

መርፌው ቀዩን ከነካ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ አለዚያ ቴስታታው ይጣመማል። ልጆቹን ከመንገዱ አርቁ። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እያለ አትክፈቱ። አያቶችም፣ ኮፈን ሲከፈት የልጅ ልጃችሁ እጅ አይጠጋ፤ ቬንትሌተር ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊዞር ይችላል።