የድንገተኛ ክፍል ሰዎች ሐቅ አለብን



ነገሩ የሆነው በኮሮና ጊዜ ነው። አንድ የሰፈራችን አባት ከመግሪብ በኋላ ትንፋሽ አጠራቸውና ወደ ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን። አስራ አንድ ሰው ነበርን። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ በር ላይ «ቤት ውስጥ ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ልጃቸው «የለም» አለ። ባለቤታቸውን ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያስላቸው እንደከረመ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። «ኮሮና ነው ካሉን ለይተው ያስቀምጡብናል፤ ቢሞቱም ጀናዛውን አይሰጡንም» ብለን ፈርተናል። ነርሷ ፊቷ ላይ ያለው አንድ ቀጭን ማስክ ነው። በዚያው ጎንበስ ብላ ኦክስጅን ገጠመችላቸው።

ከሳምንታት በኋላ እሷም ታማ እንደነበር ሰማሁ። ከእኛ ይሁን ከሌላ አላህ ያውቃል። የኔ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ከኔ ጋር ነው።

«ያለፈ ነገር ምን ያነሳሳዋል?» የሚል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ብቻ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤና ባለሙያዎች በኮሮና ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። በ2024 ማርበርግ ሩዋንዳ ሲገባም ከ66ቱ ታማሚዎች አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ወረርሽኝ ይመለሳል። እኛም የያኔውን ሰበባችንን ይዘን እየጠበቅነው ነው። ሰበቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ «ተወኩል ያለው ሰው ማስክ ምን ያደርግለታል?»

በተወኩል ከረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚበልጥ ማን ነው? እሳቸው በኡሑድ ቀን ጥሩር ለብሰው፣ የራስ ቁር ደፍተው ነው የተዋጉት። በሱረቱ ኒሳእ በተደነገገው የፍርሃት ሶላት ላይ ሰጋጁ በሶላቱ ውስጥ ሆኖ እንኳ ጥንቃቄውን እንዲይዝ አላህ አዟል። የነርስ ጥሩሯ ማስኳ፣ ጓንቷና ጋውኗ ነው። ጥሩር የተወኩል ጉድለት ካልሆነ ማስክ እንዴት ይሆናል?

ሁለተኛ፦ «በሽታ አይተላለፍም የሚል ሐዲስ አለ።»

አዎ፣ አለ። ዑለማዎች ሲያብራሩት ግን የፈረሰው የጃሂሊያ እምነት ነው፤ በሽታ ያለ አላህ ፈቃድ በራሱ ኃይል ይተላለፋል የሚለው። ያው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ካስተላለፏቸው ሐዲሶች ውስጥ፣ የታመሙ ግመሎች ባለቤት ጤነኞቹ ላይ እንዳያመጣቸው የሚከለክለው በቡኻሪም በሙስሊምም ይገኛል። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ዲን አይደለም። ለግመል የተከለከለውን እኛ ለሰው ልጅ አደረግነው።

ሦስተኛ፦ «ቢሞቱም ሸሂድ ናቸው።»

ሸሂድነት አላህ የሚሰጠው ደረጃ ነው። እኛ ሰውን ያለ ጋሻ ለመላክ የምንቆርጠው ፈቃድ አይደለም። መጋቢት 2020 እንግሊዝ ውስጥ በኮሮና መጀመሪያ ከሞቱት ሐኪሞች አንዱ ሱዳናዊው የንቅለ ተከላ ሐኪም ዶክተር ዓዲል አል-ጠያር ነበሩ። የራሳቸው ሙያ ሌላ ሆኖ ሳለ በድንገተኛ ክፍል ለማገዝ የገቡ ሰው ናቸው፤ ቤተሰባቸውም በሽታው የያዛቸው እዚያ እንደሆነ ያምናል። አላህ ይቀበላቸው። የእሳቸው መስዋዕትነት ግን የእኛን ቸልተኝነት አያጥብልንም።

ድንገተኛ ክፍል ከሌላው ክፍል የሚለየው ለምን እንደሆነ አስቡት። በሽተኛው ምን እንደያዘው ሳይታወቅ እየተንፈራገጠ ይገባል። አክታ ሲሳብለት፣ ቱቦ ወደ ጉሮሮው ሲገባ ከትንፋሹ የሚወጣው ጤዛ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል። ተራው ማስክ በጎንና በጎን ያሳልፋል፤ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጠው ኤን-95 ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት «ጀግኖቻችን» ብሎ ማጨብጨብ ሹፈት ነው። ጭብጨባ ማስክ አይሆንም።

ስለዚህ ኃላፊነት ላይ ላሉት፦ ባለሙያ ያለ በቂ መከላከያ በሽተኛ ላይ አይላክ። የሚያስለው በሽተኛ በር ላይ ይለይ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ የተበከለ ልብስ ተጠንቅቀው የሚያወልቁበት ቦታ ይዘጋጅ። ይህ ልመና አይደለም፤ ሐቃቸው ነው።

ለእኛ ደግሞ፦ በር ላይ ስንጠየቅ እውነቱን እንናገር፤ እዚያ የተደበቀች ሳል የሰው ነፍስ ልታጠፋ ትችላለች። አስታማሚ አንድ ይበቃል፤ ሌሎቻችን ቤታችን ሆነን ዱዓ እናድርግ፤ ዱዓ በር አይዘጋበትም። የጀመዓችን ወጣቶች ሰደቃ ስትሰበስቡ የቅርባችሁን ድንገተኛ ክፍል ኃላፊ «ምን ጎደላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረርሽኝ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ያኔ ማስክ በገንዘብም አይገኝም።

ነርሷን አግኝቼ አፉ በይኝ አላልኳትም፤ የት እንዳለች አላውቅም። ሐቋን የምመልሰው ቀጥሎ በዚያ በር ስቆም እውነቱን በመናገር ነው። እናንተም ወስኑ።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፣ የሚያክሙንንም ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።