«ኡስታዝ፣ ሴቭ ላድርግና እመጣለሁ»

በዚህ ወር የምናወጋው ስለ ትዳር ወይም ስለ ጎረቤት ሐቅ አይደለም፤ ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም ነው። «ዛሬስ ኡስታዙን ምን ነካው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔ ፈልጌው አልሄድኩም፤ እሱ ራሱ በሻሽ ተጠቅልሎ መድረሳችን ድረስ መጣ እንጂ።

ቀራንዮ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆች አስቀራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በመደበኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ልጆቹን አሰናብቼ በሩን ልዘጋ ስል አንዲት እናት ስልክ በሻሽ ጠቅልለው መጡና፣ «ኡስታዝ፣ ይኼን ነገር ልስበረው ወይስ ላቃጥለው?» አሉኝ። ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ በሁለቱም በኩል ተማሪዬ ነው። ለመግሪብ ሲጠሩት «ሴቭ ላድርግና እመጣለሁ» እያለ ወቅቱ ያልፍበታል። ይህ አልበቃ ብሎ አንድ ምሽት በትከሻው በኩል ቢያዩ፣ ቀንዳም እሳት ለባሽ ፍጡር ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። «ምንድን ነው ይኼ?» ቢሉት፣ «ኢፍሪት ነው እማ፣ እኔ ነኝ የጠራሁት» ብሎ እርፍ! ከዚህ በኋላ እናት እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል?

የመጀመሪያ ሐሳቤ «ሐራም ነው» ብሎ መገላገል ነበር። ነገር ግን ያላየሁትን ነገር ልፈርድበት ነው። እኔ ደግሞ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። «አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸውና ስልኩን ከነሻሹ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በዚያ ሳምንት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ተጫዋቾችን መጠየቅ ብቻ ነው።

ጌሙ «ፋይናል ፋንታሲ 7» ይባላል። ስኩዌር የተባለ የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1997 ለሶኒ ፕሌይስቴሽን በሦስት ሲዲ ያወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። ተጫዋቹ የአንድ ረጅም ታሪክ ባለቤት ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር አገር ለአገር ይዞራል፣ ከሰው ጋር ይነጋገራል፣ ዕቃ ይገዛል፣ እያንዳንዱን ጓደኛውን በነጥብ ያሳድጋል። ውጊያም አለው፤ እሱ ግን ጣት የማፍጠን ጉዳይ ሳይሆን ተራን ጠብቆ የማሰብ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሺንራ የሚባል የኤሌክትሪክ ኩባንያ የምድርን ሕይወት ከሥሯ እየመጠጠ ኃይል ያመነጫል። ሀብታሞቹ ከአንድ ግዙፍ የብረት ወለል በላይ ይኖራሉ፤ ድሆቹ ደግሞ ከወለሉ ሥር፣ ሰማይ በማይታይበት ቦታ። ክላውድ የተባለ ወጣት በቅጥረኝነት ይገባበትና ቀስ በቀስ ነገሩ የራሱ ጉዳይ ይሆንበታል።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈራችን ወዳለ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። በሁሉም ቴሌቪዥኖች ላይ የሚታየው እግር ኳስ ነው። ስለ ፋይናል ፋንታሲ ብጠይቅ ልጆቹ ሳቁብኝ። አንዱ፣ «ቲቸር፣ እሱ እኮ የሚነበብ ጌም ነው! ክፍል ውስጥ ያነበብነው አይበቃም?» አለኝ። ሌላው ደግሞ፣ «ሦስት እርምጃ ስትሄድ ስክሪኑ ይጥበረበርና ከየት እንደመጣ የማታውቀው አውሬ ይገጥምሃል፤ ያሰለቻል» አለ። ይህ ሁለተኛው ቅሬታ የቀራንዮ ልጆች ብቻ አይደለም፤ የድሮውን ጌም የሚወዱት ሰዎች እንኳ የሚያማርሩበት ነገር ነው።

የቤቱ ባለቤት በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ተጫውቶ ጨርሶታል። ጌሙ በጌም ቤት ያልተለመደበትን ምክንያት በንግድ ቋንቋ አስረዳኝ። «እኛ የምንከፈለው በጨዋታ ነው። ኳሱ አሥር ደቂቃ ይፈጅና ያልቃል፤ የተሸነፈው ይነሳል፣ ቀጣዩ ይከፍላል። ይኼኛው ግን ታሪኩን ብቻ ለመጨረስ ወደ 40 ሰዓት ይወስዳል። ማን ይከፍላል? ማንስ ይነሳል?» አለኝ። እሱ ልጅ ሆኖ ሲጫወት የደረሰበት በሚሞሪ ካርድ ላይ እየያዘ ነበር። ካርዷ 15 ቦታ ብቻ ስለነበራት ልጆቹ በሙሉ ይሻሙባታል። «አንድ ቀን መጥቼ ባየው፣ የሦስት ሳምንት ልፋቴ ላይ አንዱ የኳስ ውድድሩን ሴቭ አድርጎበታል። ቲቸር፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል!» ሲል ዓይኑ እውነትም ተቆጣ።

ይኼው ሰው አዲሱን ቅጂም አይቶታል። ኩባንያው ታሪኩን በሦስት ክፍል ከፋፍሎ እንደ አዲስ ሲሠራው፣ የመጀመሪያው ክፍል በ2020፣ ሁለተኛው በ2024 እ.ኤ.አ ወጥቷል። «ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ነገር ግን በድሮው ጥቂት ሰዓት የሚፈጀውን የአንዱን ከተማ ታሪክ ለብቻው አንድ ጌም አደረጉት። ታሪኩንም ነካክተውታል። የማውቀውን መንገድ ይዤ እየሄድኩ መንገዱን የቀየሩብኝ ነው የመሰለኝ» አለ። በዓለም ላይ ያሉ ተጫዋቾችም በዚሁ ነጥብ ለሁለት ተከፍለዋል። ገና ልጆች የሆኑት ግን ተራ መጠበቁ ቀርቶ ውጊያው ቀጥታ በመሆኑ አዲሱን ይመርጣሉ።

ልሰናበተው ስል ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «እናቶች ኢፍሪትን ከሚፈሩ ዎል ማርኬትን ቢፈሩ ይሻላል» አለኝ። ለካስ በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ዎል ማርኬት የሚባል፣ ሴተኛ አዳሪ ቤት የሚመስል ያለበት ሰፈር አለ። ይህን ከእናቲቱም ከልጁም አልሰማሁም። እናት ቀንዱን አይታ ደነገጠች፤ ልጁ ደግሞ የሚያሳፍረውን ክፍል ዘልሎ ነገረኝ። ወላጆች ሆይ፣ ስለ አንድ ጌም ስትጠይቁ ልጁን ብቻ ሳይሆን ጌሙን የጨረሰ ትልቅ ሰውም ጠይቁ።

ከዚያ ወደ ልጁ መጣሁ። እህቱም አብራው መጣች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። እሷ ስልኩን አትነካም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ንግግሩን ታነብለታለች። ልጁ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። «ጌሙ ምኑ ጥሩ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ግን አፉ ተፈታ። በእንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ስህተት አግኝቷል! አንድ ሰው ብቻ ስለታመመበት ቦታ ሲነገር ግሱ የብዙ ቁጥር ሆኖ ገብቷል። «ቲቸር፣ እኛ ብንጽፈው ኤክስ ያደርጉብን ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስህተቱ በመላው ዓለም ያሉ ተጫዋቾች የሚሳሳቁበት የታወቀ ስህተት ነው። በክፍል ውስጥ ስንት ቀን ቆሜ ያስተማርኩትን ሰዋስው ይህ ልጅ ሰው ሳያዘው ሲፈልገው ማየት፣ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ቅናት አሳደረብኝ።

ሁለቱ የተጣሉት በኤሪስ ጉዳይ ነው። ኤሪስ አበባ ሻጭ ናት፤ ከክላውድ ጓደኞች አንዷ። የመጀመሪያው ሲዲ ሊያልቅ ሲል ትገደላለች፤ ተመልሳም አትመጣም። በዚህ ዓይነቱ ጌም የወደቀ ጓደኛ በአንድ መድኃኒት ይነሳል፤ እሷን ግን ምንም አያነሳትም። ጌሙ በወጣ ሰሞን «እንዲህ ብታደርጉ ትነሳለች» የሚል ወሬ በየአገሩ ተነዝቶ ስንቱ ተጫዋች በከንቱ ደክሟል። ልጁ፣ «ስንት ሰዓት አሳድጌያት! ነጥቧ ሁሉ ጠፋ» ይላል። እህቱ ተቆጣችው፦ «የሞተ ሰው ነጥብ ነው እንዴ የሚቆጭህ? እንዲያውም ጌሙ ልክ ያደረገው እዚህ ጋ ብቻ ነው። አያታችን ሲሞቱ ማን መለሳቸው?» ልጁ ዝም አለ። ከጌሙ ሠሪዎች ዋነኛው ሂሮኖቡ ሳካጉቺ ቀደም ባለ ሥራው ወቅት እናቱ እንደሞቱበትና ከዚያ በኋላ ስለ ሕይወትና ሞት ማሰብ እንደጀመረ የታወቀ ነው። ይህን ስነግራት፣ «ያስታውቃል» አለች።

እህትየው ሌላም ነገር አወጣች። ታሪኩ የሚጀምረው ክላውድና ጓደኞቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን በቦምብ ሲያጋዩ ነው። ልጁ ሺንራ ክፉ ስለሆነ ልክ ነው ባይ ነበር። እሷ ግን ያነበበችውን ታስታውሳለች፤ በኋላ ላይ ከመካከላቸው አንዱ በዚያ ፍንዳታ ስንት ሰው እንዳለቀ መሪያቸውን አፋጥጦ ይጠይቀዋል፤ መሪውም ውሎ አድሮ ጥፋቱን ያምናል። ልጁ ያን ክፍል ለመቸኮል ብሎ ቁልፉን እየተጫነ አልፎት ኖሯል።

«ታዲያ መግሪብስ?» አልኩት። ከፊት ተዘጋጅቶበት ነበር፦ «ኡስታዝ፣ ይኼ ጌም እንደ ኳስ አይቆምም። ሴቭ የሚደረገው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፤ ካቋረጥኩት የአንድ ሰዓት ልፋቴ ይጠፋል።» በድሮው ፕሌይስቴሽን ይህ እውነት ነው። እህቱ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የልጁ ጌም ከሞባይል ቤት የተገለበጠ፣ በኢሙሌተር የሚሠራ ቅጂ ነው (ኩባንያው ራሱ በ2016 እ.ኤ.አ ለአንድሮይድ አውጥቶት ሳለ፤ የሰው ሐቅ መሆኑን ለልጁ ነግሬዋለሁ)። በኢሙሌተሩ ደግሞ የትም ቦታ፣ ውጊያ መሀል ሳይቀር፣ በአንድ ንክኪ ሴቭ ይደረጋል። ልጁ ጫማውን ማየት ጀመረ።

በዚህ ነገር የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በጃፓን «ድራጎን ኩዌስት 3» የተባለው ተመሳሳይ ጌም እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1988፣ ረቡዕ ዕለት ለገበያ ሲቀርብ ብዙ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ቀርተው ሱቅ ደጃፍ ተሰልፈዋል። ተከታዩ ክፍል በ1990 የወጣው እሑድ ቀን ነው።

የቀረን ኢፍሪት ነው። ልጁ ሱረቱ አን-ነምልን እኔው ዘንድ ቀርቷል፤ ነገር ግን በስልኩ የሚጠራው ኢፍሪትና በሱራው ውስጥ ያለው ዒፍሪት አንድ ስም መሆናቸውን አንድም ቀን አላሰበም። ጌም ሠሪዎቹ ስም የሚለቅሙት ከየትም ነው፤ ከህንድ ሺቫን፣ ከሰሜን አውሮፓ ኦዲንን፣ ከእኛ ዒፍሪትን። ማጥቂያውንም «የጀሐነም እሳት» ብለውታል። «ስትጠራው ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ድንጋይ መሣሪያው ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ከነጥቡ ላይ ይቀነሳል፤ በቃ። ሲሕር ከባድ ወንጀል መሆኑን አስታወስኩት። ይህኛው የቁጥር ቅነሳ እንደሆነ እኔም አይቻለሁ። ግን የጀሐነም ስም የጨዋታ ዕቃ መሆኑ ደስ አላለኝም፤ ይህንኑም ነገርኩት። አልተከራከረኝም።

በሳምንቱ እናቱ መጡ። ስልኩን ከነሻሹ መለስኩላቸው። ከልጁ ጋር የተስማማነው ስልኩ እሳቸው ዘንድ እንዲያድር፣ ቅዳሜና እሑድ ከዙህር በኋላ እስከ ዐስር ብቻ እንዲጫወት፣ እህቱ አጠገቡ እንድትሆን፣ ዎል ማርኬትንም እሷ በምታውቀው መንገድ ቶሎ እንዲያልፉት ነው። አዛን ሲሰማ በአንድ ንክኪ ሴቭ ያደርጋል። እናቱ ብዙም ያመኑኝ አልመሰለኝም። «ቀንዳሙስ?» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ከልጆቹ ጋር ሱረቱ አን-ነምልን ከፈትን። ዒፍሪቱ የንግሥቲቱን ዙፋን ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ከተቀመጡበት ሳይነሱ እንደሚያመጣ ሲናገር፣ ከመጽሐፉ ዕውቀት የተሰጠው ሌላው ግን በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት ሲያመጣው ያለውን ታሪክ አስረዳኋቸው። ልጁ እጁን አወጣ።

«ስለዚህ ዒፍሪት ተበለጠ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«በጌሙም ላይ ከደካሞቹ ነው፣ ኡስታዝ» አለኝ።