የደልጊ ዳርቻና የነጋዴው ጥቅም

የአውሮፓ ሕዝብ በጋው በገባ ጊዜ ሥራውን አቋርጦ ለዕረፍት ወደ ሜዲቴራንያን ባሕር ዳርቻ እንደሚጎርፍ የታወቀ ነው። ከእኛም ነጋዴዎች መካከል ለዕቃ ግዢ ወደ ኢጣልያ ወይም ወደ ግሪክ ሄደው ይህን ትርኢት በዓይናቸው የተመለከቱ አይታጡም። ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ባለጸጎች ጨዋታ ቈጥሮ ያልፈዋል። አስተውሎ ለሚያየው ግን ከጨዋታነቱ ይልቅ ንግድነቱ ያመዝናል፤ ስለሆነም ጉዳዩ በነጋዴዎች ጋዜጣ ላይ ቢነሣ ያለቦታው ገባ የሚያሰኝ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል በደቡብ ኢጣልያ በፑልያ ክፍለ ሀገር፣ ከባሪ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ፖሊኛኖ አ ማሬ የተባለችውን ከተማ እንመልከት። በሁለት ገደሎች መካከል የተጨመቀች፣ ከአሮጌው ከተማ ግርጌ የተኛች አንዲት ትንሽ የጠጠር ዳርቻ አለቻት። በበጋ ቀን ወደዚያ የሚወርድ እንግዳ ፎጣውን የሚዘረጋበት ስፍራ እንዲያገኝ ማልዶ መነሣት ይኖርበታል፤ ካረፈደ ከማያውቀው ሰው ጋር ክርን ለክርን ተጋጥሞ መዋል ግዴታው ነው። የሕፃናቱ ጩኸትና የዋናተኞቹ ጫጫታ ከገደሉ ጋር እየተጋጨ ያስተጋባል። ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው የሚመረጥ ስፍራ አይደለም። ሆኖም ሰፋፊ የአሸዋ ዳርቻዎች በሞሉበት አገር ይህች ጠባብ ስፍራ ከሰው ተለይታ አትውልም።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከውሃው እስከ ሱቁ ያለው መንገድ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። የራበው ወጥቶ ዳቦና ፎርማጆ ይገዛል፤ ፀሓዩ የበረታበት ባርኔጣ ይሸምታል፤ ልጁ ያለቀሰችበት ጄላቲ ይገዛላታል፤ ሲመሽም ከዚያው ሳይርቅ እራቱን ይበላል። ለመግቢያ ምንም ያልከፈለ ሰው ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ሲከፍል ይውላል ማለት ነው። የሚከፍለውም ለአንድ ባለሆቴል ብቻ ሳይሆን ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለዓሣ ነጋዴው፣ ለባለ ሱቁና ለባለ ጀልባው ጭምር ነው። በከተማ መካከል ያለች ትንሽ ዳርቻ ጥቅሟ በስፋቷ እንደማይለካ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ዳርቻው ለሁሉም ክፍት ሆኖ በቈየ ጊዜ ነው። እስፓኝ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የባሕር ዳርቻ ሕግ ዳርቻው የሕዝብ ሀብት እንደ ሆነና ማንም ሰው በነፃ ሊገባበት እንደሚችል ደንግጋለች። በኢጣልያ የዳርቻው ብዙ ክፍል በኮንሴሲዮን ለግለሰቦች ተሰጥቶ በጃንጥላና በኪራይ ወንበር ስለ ተያዘ፣ ክርክሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ድረስ ደርሶ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። በግሪክም በ2023 እ.ኤ.አ. የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች የመቀመጫችንን ስፍራ የኪራይ ወንበር ወሰደብን ብለው ፎጣቸውን ይዘው ለአቤቱታ ወጡ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የግሪክ ሕግ ከዳርቻው 70 በመቶ የሚሆነው ከኪራይ ወንበር ነፃ እንዲሆን፣ ወንበሮቹም ከውሃው ጠርዝ ቢያንስ 4 ሜትር እንዲርቁ አዘዘ። እነዚህ አገሮች መልሰው ለማስከፈት የደከሙበትን ነገር እኛ አስቀድመን ልንጠብቀው እንችላለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቀድሞ ከአስመራም ከአዲስ አበባም ለዕረፍት ወደ ምጽዋ መውረድ የተለመደ ነበር። ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ለዕረፍት የምንሄድባቸው ዳርቻዎቻችን ሐይቆቻችን ናቸው። ከእነዚህም የሁሉ ታላቅ ጣና ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። አባቶቻችንም ጣናን ባሕር ይሉት እንደ ነበር ባሕር ዳር የሚለው የከተማ ስም ይመሰክራል።

በዚህ ባሕር ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ደልጊ ትገኛለች። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌና በቁንዝላ በኩል ወደ ጎርጎራ ይሄድ የነበረው ሳምንታዊ መርከብ ለብዙ ዘመን ደልጊን ወደቡ አድርጎ ኖሯል። በእንደዚህ ያለ ወደብ የዳርቻውና የገበያው ጉዳይ አንድ ነው፤ ጭነት የሚወርድበት፣ ዓሣ የሚሸጥበት፣ የደንገል ታንኳ የሚጠጋበትና ዘመድ የሚቀበሉበት ስፍራ በአንድ ላይ ይገናኛል። ደልጊ ፖሊኛኖን ልትመስል አይገባትም፤ አትችልምም። ነገር ግን ውሃና ሱቅ ጐን ለጐን ሲሆኑ የሚገኘው ጥቅም በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ይልቅ የቅርቡን የሚመርጥ ሰው ሐዋሳን ይመልከት። በዚያ በአሞራ ገደል አጥማጁ ዓሣውን ከጀልባው ሲያወርድ እንግዳው በዚያው ተቀምጦ ጥሬውንም ጥብሱንም ይመገባል፤ አባ ኮዳውም ትርፍራፊውን እየጠበቀ በመካከላቸው ይንጎራደዳል። ወደዚያ ከሚሄደው ሕዝብ አብዛኛው ለመዋኘት የሚሄድ አይደለም። ውሃውን እያየ መቀመጥና ዓሣ መብላት ይበቃዋል። ቀረሶና አምባዛ የሚጠመድበት ጣናም ይህን ዕድል አልተነፈገም።

ስለ መዋኘት ከተነሣ ግን አንባቢውን ማስጠንቀቅ ይገባናል። የሜዲቴራንያን ውሃ ጨው ስለሆነ የቢልሃርዚያ በሽታ የለበትም፤ በጣና ዙሪያ ግን በሽታው መኖሩ በተደረጉት ምርመራዎች ተረጋግጧል። ነገሩ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ የበሽተኛው ዓይነ ምድር ወደ ውሃው በገባ ጊዜ ተፈልፍሎ የሚወጣው ነፍሳት በዳርቻው ሣር ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ላይ ያድርና ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሽታውን ያድናል፤ ዳርቻው ካልጸዳ ግን የዳነው ሰው ተመልሶ ይያዛል። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ መታየቱ የተነገረለት እምቦጭም ሌላ ችግር ሆኖ ተጨምሯል። ስለዚህ እንግዳ ለመሳብ ብለን በማናውቀው ውሃ ዋኙ ብንል፣ በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደ ተባለው ይሆንብናል።

የጽዳቱ ወጪ ከነጋዴው አቅም በላይ አይደለም። በዳርቻው አጠገብ የሚሠራ አንድ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የበሽታውን ሰንሰለት ከሚበጥሱት ነገሮች ዋነኛው ነው። ለመታጠቢያም ከሐይቁ ተቀድቶ በታንከር ውስጥ 2 ቀን ያህል የቈየ ውሃ ከዚህ በሽታ አደጋ የራቀ ነው። ከብት የሚጠጣበትና ልብስ የሚታጠብበት ስፍራ ከመቀመጫው ስፍራ ቢለይ ለሁሉም ይበጃል።

አንዳንድ ሰው፣ ዳርቻውን ለአንድ ባለሀብት ብንሰጠው ሆቴል ሠርቶ ከተማይቱን ያሳድጋታል ይል ይሆናል። እኛም ሆቴል መሠራቱን አንቃወምም። በጎርጎራ በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር የተሠራው የመዝናኛ ስፍራ ወደ ሰሜኑ የጣና ክፍል እንግዳ እንዲመጣ በር ይከፍታል፤ ደልጊም የዚህ ተካፋይ ብትሆን ደስታችን ነው። የምንለው ሆቴሉ ከውሃው ፈንጠር ብሎ ይሠራ፣ በሆቴሉና በውሃው መካከል ያለው መሬት የሁሉ መተላለፊያና መቀመጫ ሆኖ ይቅር ነው። አጥሩ እስከ ውሃው ከወረደ እንግዳው በአንድ በር ገብቶ በዚያው በር ይወጣል፤ ባለ ሱቁም መኪናው ሲያልፍ ከማየት በቀር ትርፍ አይኖረውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት እንደ ሆነ ስለሚናገሩ ጥያቄያችን ከሕግ ውጭ አይደለም።

ሌላው ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ በተቸገረበት ሰዓት ስለ መዝናኛ ማውራት ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰላም ሳይገኝ እንግዳ እንደማይመጣ ማንም አይስተውም። ነገር ግን እንግዳ በሌለበት ወራት ዳርቻው ዋጋ የሌለው ይመስላል፤ ዋጋ የሌለው የሚመስል መሬት ደግሞ ያለ ተከራካሪ የሚታጠር ነው። ሰላም በወረደ ጊዜ የሚመጣው እንግዳ የሚቀመጥበትን ስፍራ የሚያገኘው ዛሬ ካቈየንለት ነው።

ስለዚህ የደልጊና የሌሎቹ የጣና ዳር ከተሞች ነጋዴዎች ሦስት ነገር እንዲፈጽሙ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በከተማው መካከል ያለው ዳርቻ በካርታ ላይ ተለይቶ የሕዝብ ስፍራ ተብሎ እንዲመዘገብ ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያመልክቱ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ አዋጥተው መጸዳጃ ቤቱን፣ የጥላ ዛፎቹንና የቈሻሻ ማጠራቀሚያውን ያሠሩ፤ የጤና ጽሕፈት ቤቱም ውሃውን መርምሮ የሚዋኙበትና የማይዋኙበት ስፍራ በሰሌዳ እንዲያስታውቅ ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ ዕቃ አስመጪዎቻችን የዓሣ ማቀዝቀዣና ለጀልባ ተሳፋሪ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት ለዚህ ገበያ በሚስማማ ዋጋ ለማቅረብ ያስቡበት፤ ሐይቁን አቋርጦ የሚመጣ ሰው ሳይፈራ ከመጣ ደንበኝነቱ ይቀጥላልና።

ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ በነጋዴዎቹ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ብዙ አይሆንም። አንድ ጊዜ የታጠረን ዳርቻ ለማስከፈት ግን ስንት የፍርድ ቤት ቀጠሮና ስንት ዓመት እንደሚያስፈልግ ከሜዲቴራንያን ሰዎች ተምረናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የደልጊ ነጋዴዎች ማመልከቻቸውን ለማቅረብ የመጀመሪያው አጥር እስኪተከል ድረስ እንዳይጠብቁ አደራ እንላለን።