ትራክተር ያረጃል፤ ባትሪ ግን በቸልተኝነት ይሞታል

የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ትራክተሩ አልነሳ ሲል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በእርጅናው ይላከካል። ሞተሩ ደህና ሆኖ ባትሪው የሞተበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም። የደምቢያ ሜዳ ዋልካ መሬት ውኃ ከጠገበ በኋላ ትራክተር እንደ ልብ አይገባበትም። ስለዚህ የባትሪ ጥበቃ የሹፌሩ ብቻ ሳይሆን የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።

ከባትሪ የሚተነው ውኃው እንጂ አሲዱ አይደለም። በመሆኑም ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው፤ አሲድ ሲበዛ ሰሌዳዎቹን ይበላል። የቀሐ ወንዝ የፋሲልን መዋኛ ለጥምቀት ይሞላል፤ በወንዝ ውኃ ውስጥ ያለው ማዕድን ግን የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል።

ቆሞ የከረመ ባትሪ ኃይሉ በራሱ ይደክማል፤ ሰሌዳዎቹም በእርሳስ ሰልፌት ይሸፈናሉ። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ በየወሩ ተለክቶ፣ ከ12.4 ቮልት በታች ሳይወርድ ቻርጅ ሊደረግ ይገባል። በዚያን ጊዜ የሚወጣው ጋዝ ስለሚቀጣጠል እሳትም ሆነ ሲጋራ አይቀርብም።

ያረጀውን ባትሪ በየቤቱ መሰባበርም መወገዝ ያለበት ልማድ ነው፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ማኅበሩ አንድ ተጠሪ መድቦ የልኬት መዝገብ ቢያስይዝ ወጪው አዲስ ባትሪ ከመግዛት ያንሳል። በበጋ ያልተጠበቀ ባትሪ በክረምት አያርስም።